መንደሬን የዋጠችው ከተማ ከንቲባ ምሳ ሲጋብዘኝ

በሕይወቴ ብዙ ሰው ፈርቻለሁ፤ ጥቂት ሰው ጠልቻለሁ። ከልቤ የናቅሁት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ከስዊዘርላንድ አሜሪካ ድረስ መጥቶ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ባለ ምግብ ቤት ምሳ ያበላኝ ከንቲባ ነው።

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። ስሜ ደምሴ ነው። ያኔ ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ። የምኖረው እንደ አሁኑ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከባለቤቴ ከብዙነሽ ጋር ሲሆን፣ ሥራዬ አሌክሳንድሪያ ያለ ትልቅ አፓርትመንት ውስጥ ነበር፤ የሜንተናንስ ኃላፊ ነኝ። ቦይለር ሲቆም፣ ሊፍት ሰው ይዞ ሲቀር፣ ቧንቧ ሲፈነዳ የምጠራው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ተሰልፌ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ቨርጂኒያ እገባለሁ፤ ማታ በዚያው እመለሳለሁ።

ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቱቦ ልጠግን ስሄድ እንኳ ሸሚዜ የተተኮሰ ነው። ተከራይ ሲሰድበኝ "ሶሪ" የምለው እኔ ነኝ። ሰው እግሬን ሲረግጠኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጨዋ ይሉኛል። ጨዋነት አልነበረም። ሁልጊዜ ፈተና ላይ የተቀመጠ ሰው ጠባይ ነበር።

የአካባቢያችን ሐበሾች ደግሞ "ደምሴ ስዊዙ" ይሉኛል። ይህን ያህል ዘመን በግሪን ካርድ ኖሬ የአሜሪካ ዜግነት አልወሰድኩም። የያዝኩት ቀዩን የስዊዘርላንድ ፓስፖርት ነው።

"ምን ያደርግልሃል?" ይሉኛል። "ባንክ ያስቀመጥከው ነገር አለ እንዴ?"

ባንክ ያስቀመጥኩት የለም። የነበረኝ መንደር ነው።

በአብዮቱ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ሸሽቼ በሱዳን በኩል ወጣሁ፤ ዕጣዬ ስዊዘርላንድ ሆነ። የተመደብኩት በተራሮች መካከል ባለች አንዲት ከተማ ነው። ስሟን አልጠራውም። ሸለቆው ሥር ስለሆነች ታችኛዋ ከተማ እላታለሁ፤ ይበቃታል። እዚያ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ብዙ ዓመት ኖርኩ። የእነሱን ጀርመንኛ፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው የማይሰሙትን፣ ጉሮሮዬ እስኪላጥ ተማርኩ። ቆሻሻዬን በየዓይነቱ ለይቼ ባሉኝ ቀን አወጣሁ። እሑድ ልብስ አላጠብኩም፤ ምስማር አልመታሁም። ከዚያ ዜግነት ጠየቅሁ።

በዚያ አገር ያኔ ዜግነት የሚሰጥህ ዋና ከተማ የተቀመጠ ሹም አልነበረም። የምትኖርበት ቦታ ሕዝብ ይሰበሰብና እጅ ያወጣልሃል፣ ወይም ይነፍግሃል። የእኔ ስብሰባ የተደረገው በትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። "ውጪ ይጠብቁ" ብለው ኮሪደር ላይ፣ የልጆች ጫማ ከተደረደረበት አጠገብ አስቀመጡኝ። በሩን ግን በደንብ አልዘጉትም። አንድ ወጣት የምክር ቤት አባል ተነሳ፤ ሄር ፍሉክ፣ አቶ ፍሉክ እንደ ማለት፣ የሚባል ጠበቃ። ድምፁ ቅቤ የተቀባ ነው።

"ሰውየው ጥሩ ሰው ነው" አለ። "ሠራተኛ ነው። ማንም ክፉ ሊያነሳበት አይችልም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእኛ ነው ወይ?"

የጮኸ የለም፣ የሳቀ የለም። እጅ ተቆጠረ። ጸሐፊው ወጥቶ ዓይኔን ሳያይ "ሌላ ጊዜ ሊሞክሩ ይችላሉ" አለኝ። አመሰገንኩት። አዎ፣ አመሰገንኩት!

በዓመቱ ያቺን ከተማ ለቅቄ ወጣሁ። ከእሷ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ ሊንድማት የምትባል መንደር ነበረች። ሰማንያ የማይሞላ ሰው፣ ከሰው የሚበዛ ላም፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ። መሰንጠቂያው የኡርስ ነው። ኡርስ የመንደሩም ሊቀ መንበር ነበር፤ የእሳት አደጋው አዛዥም፣ የመዘምራኑ መሪም እሱው፤ ሌላ ሰው የለማ! ሲቀጥረኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ ወገቤ ጤነኛ መሆኑንና ከፍ ባለ ድምፅ መዘመር መቻሌን።

ሕጉ የሚጠይቀው ዓመት ሲሞላ "አመልክት" ያለኝ ራሱ ኡርስ ነው። ሁለተኛ ኮሪደር ላይ አልቀመጥም ብዬ ስንት ጊዜ እምቢ አልኩት። በመጨረሻ አሸነፈኝ። የስብሰባው ዕለት በረዶ ይጥል ነበር። መንደሩ በሙሉ አንድ ክፍል ባላት ትምህርት ቤት ተጠቅጥቆ ተቀምጧል። የእኔ ጉዳይ ሲደርስ እንደ ደንቡ ልወጣ ተነሳሁ።

"ወዴት ነው?" አለ ኡርስ።

"ውጪ ልጠብቅ።"

"በዚህ በረዶ? ቁጭ በል። የማይፈልግህ ካለ ፊትህ ይናገር።"

የተናገረ የለም። አንድ ሽማግሌ እጁን ሳያወጣ ቀርቶ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው፤ አወጣ። ዜጋ የሆንኩት እንዲህ ነው። ቅዱሳን ናቸው አልላችሁም። ሐሜተኞች ነበሩ፤ የላሜን ደወል ሰረቀ ተባብለው ዓመት ሙሉ የሚኳረፉ ነበሩ። ግን ፊቴን እያዩ ነው የወሰኑት።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የስዊዝ ፓስፖርት የተወለድክበትን ቦታ አይጽፍም። የሚጽፈው የየትኛው መንደር ዜጋ እንደሆንክ ነው። ሰዎቹ ከአያት ቅድመ አያት የወረሱትን፣ ብዙዎቹ ረግጠውት የማያውቁትን መንደር ስም ይዘው ይኖራሉ። የእኔ ላይ "ሊንድማት" ይላል። ወንድሜን ልጠይቅ ዋሽንግተን መጥቼ፣ ብዙነሽን አግኝቼ እዚሁ ስቀር እንኳ ያንን ስም ጥዬ ሌላ መያዝ አላሰኘኝም።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኡርስ ኮል አደረገልኝ። አርጅቷል፤ ሳንባው ታሟል፤ በየቃሉ መሃል ይተነፍሳል።

"ደምሴ፣ ልንዋጥ ነው" አለኝ።

"በማን?"

"በማን ይሆናል? በታችኞቹ ነዋ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ወጣቱ ወረደ። ሊቀ መንበር የሚሆን ሰው አጣን፤ በግድ የመረጥነው ልጅ ቤቱን ዘግቶ ጠፋ። ከላይ ከመንግሥት ደግሞ ተዋሃዱ፣ ተዋሃዱ ይሉናል። ድምፅ ሰጠን፣ አለቀ። ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ሊንድማት የምትባል የለችም።"

"ውህደት ነው የሚሉት?"

"እነሱ ብዙ ሺህ፣ እኛ አንድ አውቶቡስ የማንሞላ ሰዎች። ድመት አይጥ ስትበላ ውህደት ነው እንዴ?" ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። "ስማኝ። አንድ ነገር ብቻ ለምነናቸዋል። ፓስፖርታችን ላይ የእነሱ ስም ይጻፍ፤ ከጎኑ በቅንፍ ሊንድማት ትቅርልን። ሌላ ቦታ ይደረጋል። ከንቲባው ግን አይሆንም ብሏል። አሁን ሰዎች አስከትሎ ወደ እናንተ ሊመጣ ነው፤ ውጭ ያሉ ዜጎቹን ምሳ ይጋብዛል። አንተን በጣም ይፈልግሃል።"

"እኔን ለምን?"

"ምርጫ ደርሶበታል። የውጭ ሰው አይወድም ተብሎ ይታማል። ከአንተ ጋር ተቃቅፎ ፎቶ ቢነሳ ይጠቅመዋል። በነጻ እንዳትሰጠው።"

"ከንቲባው ማነው?"

"ፍሉክ ነው" አለኝ።

በሳምንቱ የከንቲባው ቢሮ ደወለ። አንዲት ማር የሆነች ጸሐፊ "ዜጋችን ሄር ደምሴ" እያለች ጋበዘችኝ። ገና አልዋጡንም፤ አፋቸውን ግን ከፍተው ጨርሰዋል።

"ሄደህ ምን ልታደርግ ነው?" አለችኝ ብዙነሽ።

"ስለ ስሙ ልለምነው።"

"ልትለምነው? ለምን ብለህ? ማነው እሱ?"

ያን ጊዜ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ ፍሉክ ጥያቄ ነገርኳት። ከተጋባን ጀምሮ አንስቼው አላውቅም። ሰምታ ስትጨርስ "እኔም እመጣለሁ" አለች።

የምሳው ዕለት፣ እሑድ፣ ኦልድ ታውን በሚሉት የአሌክሳንድሪያ አሮጌ ሰፈር ፓርኪንግ ፍለጋ ስንዞር ሸሚዜ በላብ ረጠበ። ወቅቱ ጸደይ ነው፤ ብርድ እንጂ ሙቀት የለም። ብዙነሽ አየችኝና "ፍርድ ቤት አይደለም እኮ የምንሄደው" አለችኝ። ለእኔ ግን ፍርድ ቤት ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያ ሰው በጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጦ ይፈርድብኛል። አዲስ ሥራ ስጀምር፣ አዲስ ሰፈር ስገባ፣ ሰው ቤት እራት ስጠራ፣ ያ ለስላሳ ድምፅ ቀድሞኝ ገብቶ "የእኛ ነው ወይ?" ይላል።

የምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ፣ የፖቶማክን ወንዝ የሚያሳይ ክፍል ተይዟል። በዚህ አካባቢ የሚኖሩ ጥቂት አዛውንት ስዊዞች፣ ከንቲባው፣ ሚስቱ፣ ማሯ ጸሐፊ፣ እና ሬጉላ የምትባል ካሜራ ያንጠለጠለች የሸለቆው ጋዜጣ ሪፖርተር ነበሩ። ከንቲባው በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ መጣ። ወፍሯል፤ ጸጉሩ ነጥቷል፤ ክራቫቱ ላይ የከተማው አርማ ተጠልፏል።

"ዌል–ካም!" አለኝ በእንግሊዝኛ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው እየጎተተ። "እንግሊዝኛ... ይችላሉ?"

አሜሪካ ውስጥ! በራሱ ቋንቋ፣ በዚያው በሸለቆው ዘዬ፣ ደህና እንደሆንኩ ነገርኩት።

"አይ! የእኛን ቋንቋ! የት ተማሩት?"

"እናንተ ዘንድ" አልኩት።

"እንዴት ደስ ይላል!" ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

አላወቀኝም። መጀመሪያ ያስመሰለ መስሎኝ ነበር፤ ምሳውን ሙሉ ፊቱን አጠናሁት። አላስመሰለም። ምንም የለም። አጠገቡ አስቀምጦን ስለ አዲሱ የመዋኛ ገንዳ፣ ስለ አደባባዩ አበባ፣ ውህደቱ ስለሚያመጣው "ቅልጥፍና" ሲያወራ ቆየ። ወደ ብዙነሽ ዞሮ ቀሚሷን እያደነቀ "የአገር ልብሳችሁ ነው?" አላት።

"ዊተን ሞል ነው የገዛሁት" አለችው።

ከዚያ ተነስቶ ብርጭቆውን በሹካ መታ። ንግግሩን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ አንዱን ግን አልረሳውም። በመስኮቱ ወንዙን እያሳየ "ትንሿ ጅረት ትልቁ ወንዝ ስትገባ አትሞትም፤ ታድጋለች" አለ። ሚስቱ አጨበጨበች። ሊንድማት ውስጥ አንዲት ጅረት አለች፤ መሰንጠቂያውን የምታዞረው እሷ ነበረች። ይህን ሰው እዚያ አጠገብ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

"አሁን ደግሞ ከሁሉ ሩቅ መንገድ የመጣው ዜጋችን!" አለና እኔን ጠራ። ማሯ ጸሐፊ የታችኛዋ ከተማ አርማ የተቀረጸበት የእንጨት ሰሌዳ አመጣች። ሬጉላ ካሜራዋን አነሳች። ከንቲባው ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

"ከፎቶው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አልኩት በዘዬአቸው። "የሊንድማት ሰዎች ስማቸው በቅንፍ እንዲቀር ለምነዋል። እሺ ይበሏቸው።"

ፈገግታው አልጠፋም። "ውድ ሄር ደምሴ፣ ስሜቱ ይገባኛል። እኛ ግን አስተዳደር ነን። ኮምፒውተሩ ቅንፍ አይቀበልም።"

ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ አዛውንት ኮቱን ፈትሾ ፓስፖርቱን አወጣ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ተመለከተና "የእኔ ቅንፍ አለበት" አለ።

"እሱ ሌላ ካንቶን፣ ሌላ ክፍለ ሀገር ነው!" አለ ከንቲባው።

"ኮምፒውተሩ ግን ያው ነው" አለ አዛውንቱ፣ እንደ ዋዛ፣ ወደ ዓሣው እየተመለሰ።

ሰው ሳቀ። በሳቁ መሃል ድፍረት መጣልኝ። "ሄር ፍሉክ፣ እኔን ያስታውሱኛል?"

"ዛሬ ተዋወቅን..."

"በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ። ዜግነት ጠይቄ ነበር። ተነስተው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን የእኛ ነው ወይ አሉ። በሩ አልተዘጋም ነበር፤ ሰምቻለሁ።"

ሬጉላ ካሜራዋን አወረደች። ከንቲባው ቅንድቡን ሰብስቦ፣ የጠፋበትን ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው አሰበ። ከልቡ አሰበ።

"እንዲህ ብዬ ይሆናል" አለ። "ያኔ ብዙ ጉዳይ ነበር። ጊዜውም እንዲያ ነበር።" ከዚያ ድንገት ፊቱ በራ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ በደስታ በራ። ትከሻዬን ጨመቅ አደረገና ለሁሉም እንዲሰማ "ግን እዩ እንዴት እንዳማረ! ይኸው በመጨረሻ የእኛ ሆኑ!" አለ።

ሚስቱ እንደገና አጨበጨበች።

"ምን አለ?" አለችኝ ብዙነሽ ከመቀመጫዋ። ነገርኳት። አፏን በናፕኪን ጠርጋ ተነሳች።

"የምለውን አንድም ሳታስቀር ንገረው" አለችኝ። "ሰው በግ ነው እንዴ ከነበረቱ የሚገዛ? እናንተ በር ዘጋችሁበት፤ ሌሎች ከፈቱለት። አሁን የሌሎቹን ቤት ወስዳችሁ ስትገቡ እሱን ውስጥ አገኛችሁት። ወሰድነው በሉ እንጂ ሆነልን አትበሉ።"

አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። "በግ" የምትለውን ቃል የሸለቆው ገበሬዎች በሚጠሩበት አጠራር ጠራኋት። አንዲት አሮጊት ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች። ባለ ቅንፉ አዛውንት ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

የከንቲባው ጆሮ ቀላ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሄር ደምሴ፣ እንግዳ ሆነው በተጋበዙበት ቦታ ይህ ደግ አይደለም" አለኝ።

"ዜጋ ነኝ ወይስ እንግዳ? ይምረጡ።"

ጸሐፊዋን አየ፤ ጸሐፊዋ ጫማዋን አየች። በዚያች ቅጽበት ነው ነገሩ የመጣብኝ። ስንት ዓመት የምፈራው ዳኛ ይሄ ነው? ወንበሩ ሲወሰድበት የሚናገረውን የማያውቅ፣ ጸሐፊው ካልነገረችው አፉ የሚደርቅ ሰው! ከጠላኝ እንኳ አንድ ነገር ነበር። አልጠላኝም። ያን ቀን ማታ ስብሰባው ሲያልቅ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ረስቶኛል። ሕይወቴን ለሁለት የከፈለው ዓረፍተ ነገር ለእሱ የጉሮሮ ማሟሻ ነበር። ንዴት ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የመጣው ንቀት ነው። ንቀት ደግሞ እንዴት ቀላል ነገር ነው! ትከሻ ላይ አይከብድም።

"ሬጉላ፣ ለማንኛውም አንሺን" አለ፣ አሁንም ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

እጁን ከትከሻዬ ላይ አንስቼ ወደ ጎኑ መለስኩለት። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ሊንድማት የሚለው ሲጻፍ እንነሳለን" አልኩት። ከዚያ ለሬጉላ የመንደሯን ስም ፊደል በፊደል ነገርኳት፤ ጻፈች።

"ጣፋጩስ?" አለች የከንቲባው ሚስት፣ ልንሄድ እንደሆነ ሲገባት። የገረማት እሱ ብቻ ነበር።

ኮቴን ለብሼ በሩ ጋ ስደርስ ብዙነሽ የለችም። ዞሬ ባይ ተመልሳ ተቀምጣ ኬኳን ትበላለች። "እሱ ምን አጠፋ?" አለችኝ። ጨርሳ፣ አፏን ጠርጋ፣ አሮጊቷን ስማ ነው የመጣችው።

መኪናችን ድልድዩ መሃል ደረሰ።

"ስሙን ግን አላስመለስንም" አልኳት።

"አይመልስልህም" አለች። "እንደሱ ያለው ሰው ኮምፒውተር ነው የሚያሳብበው። አንተ ግን ሸሚዝህን እየው እስቲ።"

ኮቴን ገለጥ አድርጌ ሸሚዜን አየሁ። ላቡ ደርቋል።

እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ፤ መጨረሻው ያማረ እንዳይመስላችሁ። ሬጉላ የሆነውን እንዳለ ጻፈችው፤ አጭር ነበር፣ ፎቶ አልነበረውም። ኡርስ በስልክ እያነበበልኝ ስለ በጉ ሲደርስ ሳቁን መቋቋም አቅቶት ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት። ከዚያ ምርጫው መጣ፤ ፍሉክ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ምክር ቤቱ የቅንፉን ጥያቄ ያለ ክርክር ጣለው። ኡርስ በመከር ሞተ፤ መንደሩ ከመጥፋቱ በፊት፣ ገና የሊንድማት ሰው ሳለ። የመዘምራኑ ቁጥር ስላነሰ ሲቀብሩት የታችኛዋ ከተማ መዘምራን መጥተው አገዙ አሉ። ከንቲባውም ተገኝቶ ስለ ጅረትና ወንዝ ተናግሯል። ያው ንግግር! አዲስ ማሰብ እንኳ አልተቸገረም።

በየገናው ከታችኛዋ ከተማ የመዋኛ ገንዳ ፎቶ ያለበት ካላንደር ይላክልኛል። ፓስፖርቴ ጊዜው ሲያልፍ አላሳደስኩትም። የእነሱን ስም ተሸክሜ ኤርፖርት ለኤርፖርት አልዞርም። በዓመቱ የአሜሪካ ዜግነት ወሰድኩ፤ ያለ እንባ፣ ያለ ባንዲራ ፎቶ። እዚህ ቢያንስ ማንም አይወደኝም፣ ማንም ወደድንህ አይለኝም።

የተለወጠው ሌላ ነው። ሸሚዝ መተኮስ ትቻለሁ፤ ደስ ካለኝ እተኩሳለሁ። የሚሰድበኝን ተከራይ "ስትረጋጋ ጥራኝ" ብዬ ቱቦውን እንደፈሰሰ ትቼ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ ማኔጀሩ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ተከራዩ ራሱ ታች ድረስ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ቀላል ነበር!

አሁን ይህን የምታነቡትን ልጠይቃችሁ። በስዊዞቹ እየሳቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ቆዩ። እኛስ? ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ፌርፋክስም፣ ጌይተርስበርግም የእኛ ማኅበር የሌለበት ቦታ የለም፤ በየማኅበሩ ደግሞ አንድ ፍሉክ አለ። ክራቫት አለው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ "ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ነገር ግን..." ይላል። ከዚያ የአባቱን አገር፣ የመጣበትን መንገድ፣ የሚናገርበትን ዘዬ ይጠይቃል። እኛም ዝም ብለን እናዳምጠዋለን። ዝም የምንለው ስላመንንበት አይደለም፤ ምሳው እንዳይበርድ ነው።

ባለፈው ክረምት በእኛው ማኅበር ስብሰባ ላይ አንዲት አዲስ የመጣች ሴት አባል ልሁን ብላ ቀረበች። ሊቀ መንበሩ "እህቴ፣ ጉዳይሽን እስክንወያይበት ውጪ ጠብቂ" አላት። ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች።

"ጋሽ ደምሴ፣ ምን ሆኑ?" አለኝ ሊቀ መንበሩ፣ እኔም ስቆም።

"የምትሉትን እሷ ፊት በሉት" አልኩ። "ፊቷ ማለት የማትችሉት ከሆነ፣ ለእኛም መስማት አያስፈልገንም።"

ተንጫጩ። ደንብ ጠቀሱ። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ጥሩወርቅ ግን ሴትዮዋን እጇን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧት። የሚናገር ሲታጣ ተመዘገበች። ሊቀ መንበሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አይለኝም፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንገናኝ ፊቱን ያዞራል። እኔ ደግሞ ጎላ አድርጌ "እንዴት አደሩ!" እለዋለሁ።